ሴንሰሩ የት ይቀመጥ? በመሣሪያ ብዛት የማይፈታው የሕንጻ ክትትል ጥያቄ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራ ተራሮች ዙሪያ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ መሐል አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ ይታወሳል። ርቀቱ በቀጥታ መስመር ከ130 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በታኅሣሥና በየካቲት ከደረሱት መካከል ጠንካሮቹ በመጠን ወደ 6 የተጠጉ ነበሩ። በእነዚያ ቀናት ከላይኞቹ ፎቆች ደረጃ እየወረዱ ደጅ የወጡ ነዋሪዎች ነበሩ፤ በዚያው ሰዓት ምድር ላይ የቆመ የጥበቃ ሠራተኛ ግን ምንም ሳይሰማው ሰዎቹ ለምን እንደወረዱ ሊጠይቅ ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማዋ ግንባታ በሚደረጉ ውይይቶች አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይነሳል፦ በረጃጅም ሕንጻዎች ላይ ሴንሰር ይገጠም። ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ግርታዎችን አዝሎ ይዞራል። አንደኛው፣ በሕንጻ ላይ የተገጠመ መሣሪያ መንቀጥቀጡን አስቀድሞ ይነግረናል የሚለው ነው። ሁለተኛውና በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር የሚታየው፣ መሣሪያው በበዛ ቁጥር ስለ ሕንጻው የሚታወቀው ነገርም በዚያው ልክ ይጨምራል የሚለው ነው። የመጀመሪያው በአጭሩ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ግን ራሱን የቻለ የምህንድስና ዘርፍ ያስነሳ፣ ከ30 ዓመት በላይ የተደከመበት ጥያቄ ነው።

መሣሪያው የሚነግረንና የማይነግረን

ሴንሰር፣ በአማርኛ አነፍናፊ የሚባለው፣ አንድን አካላዊ ለውጥ ወደ ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ ነው። በሕንጻ ላይ በብዛት የሚገጠመው አክሰለሮሜትር ሲሆን፣ የተገጠመበት ነጥብ ፍጥነቱን ምን ያህል በድንገት እንደሚለውጥ ይለካል። ስትሬን ጌጅ የሚባለው ደግሞ በብረት ወይም በኮንክሪት ላይ ተለጥፎ፣ አካሉ በጭነት ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደተጨመቀ ያሳያል። አክቹዌተር የተገላቢጦሽ ሥራ አለው፤ ትእዛዝ ተቀብሎ በመዋቅሩ ላይ ኃይል ያሳርፋል።

በሰንጋ ተራ በሚገኝ ሕንጻ ላይ የተገጠመ አክሰለሮሜትር የመሬት መንቀጥቀጥን አይተነብይም። ሞገዱ ሕንጻው ጋ ሲደርስ ይመዘግባል፣ ያ ብቻ ነው። ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚባለው ሥርዓት የሚሠራው በመነሻው አካባቢ መሬት ላይ በተተከሉ ጣቢያዎች ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚነሳው ጎጂው ሞገድ በሴኮንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ40 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ማስጠንቀቂያው የሚያተርፈው ከዚህ ጊዜ ቀንሶ ነው።

የሕንጻው ሴንሰር ጥቅም ከመንቀጥቀጡ በኋላ ይመጣል። ሕንጻው ምን ያህል ተወዛወዘ? ከነበረበት ባሕርይ ተለወጠ? ከተለወጠስ ለውጡ ያለው ከየትኛው ፎቅ እስከ የትኛው ፎቅ ባለው ክፍል ነው? ነዋሪው ተመልሶ ይግባ ወይስ መሐንዲስ እስኪያየው ይጠብቅ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ መሣሪያው መኖሩ አይበቃም፤ መልሱ በሚገኝበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ሕንጻ እንደ ጅራፍ፣ ሕንጻ እንደ እባብ

ማንኛውም ሕንጻ የሚወዛወዝባቸው የራሱ ቅርጾች አሉት። መሐንዲሶች ሞድ ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ሞድ ቀላሉ ነው፤ ሕንጻው ከሥሩ ተይዞ ጫፉ ወዲያና ወዲህ ይላል። በግምት ለእያንዳንዱ ፎቅ 0.1 ሴኮንድ ቢታሰብ፣ ባለ 10 ፎቅ ሕንጻ አንድ ምልልስ ለመጨረስ 1 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣን ሞገዶቹን በመንገድ እየጣለ፣ ዝግ ያሉትን ይዞ ስለሚደርስ ረጃጅሞቹን ሕንጻዎች ይበልጥ ያወዛውዛል። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሲደነግጥ የምድር ቤቱ ያልሰማበት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሞድ እባብ ሲሄድ የሚሠራውን ዓይነት ጥምዝ ይይዛል። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ወገቡ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ደግሞ በዚያ ሞድ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ይኖራል። ሦስተኛው ሞድ ሁለት እንዲህ ያሉ ነጥቦች አሉት። የርጋታ ነጥብ እንበላቸው፤ የአቀማመጥ ችግር ግማሹ የእነርሱ ታሪክ ነውና።

በቁጥር ለማየት፣ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት የሆነ ባለ 30 ፎቅ ሕንጻ እናስብ፤ ፎቆቹ አንዱ በሌላው ላይ እንደሚንሸራተቱ ሰሌዳዎች የሚወዛወዙ ናቸው ተብሎ ይታሰብ። በዚህ ቀላል ሞዴል የሁለተኛው ሞድ የርጋታ ነጥብ በከፍታው ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 20ኛው ፎቅ ላይ ያርፋል። የሦስተኛው ሞድ ነጥቦች 12ኛውና 24ኛው ፎቅ ላይ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሴንሰር ብቻ ኖሮን 20ኛው ፎቅ ላይ ብንገጥመው፣ ሕንጻው በሁለተኛው ሞድ እየተናወጠ እንኳ መሣሪያው ስለዚያ ሞድ አንዳች ነገር አይመዘግብም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተቀመጠው ማየት ከማይችልበት ቦታ ነው።

ሦስት ሴንሰር ቢኖረንስ? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «እንቅስቃሴው ከሚበረታበት ይቀመጡ» የሚል ነው፤ ይህም ወደ 28ኛው፣ 29ኛውና 30ኛው ፎቅ ይወስደናል። ሦስቱም በሁሉም ሞዶች በደንብ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሦስቱም ጥሩ ንባብ ይሰጣሉ። ችግሩ ግን ሦስቱም የሚናገሩት አንድ ነገር መሆኑ ነው። የሦስቱን ፎቆች እንቅስቃሴ በሦስቱ ሞዶች ከፋፍለን በሰንጠረዥ ብናስቀምጥና የሰንጠረዡን ዲተርሚናንት ብናሰላ፣ ውጤቱ ከዜሮ የማይለይ ይሆናል። ዲተርሚናንት እዚህ ላይ ንባቦቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ሲሆን የትኛው እንቅስቃሴ ከየትኛው ሞድ እንደመጣ መለየት አይቻልም። ሦስቱን ሴንሰሮች በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ፎቅ ብናደርጋቸው ግን ቁጥሩ 2.6 ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። 20ኛው ፎቅ ብቻውን ሲሆን ዕውር የነበረ ቦታ ነው፤ ከ10ኛውና ከ30ኛው ጋር ሲሆን ግን ከምርጦቹ አንዱ ሆነ። በሁለተኛው ሞድ አለመንቀሳቀሱ ራሱ መረጃ ነው፤ እዚያ የሚታየው እንቅስቃሴ የሁለተኛው ሞድ አለመሆኑን ያረጋግጣልና። የአንድ ቦታ ዋጋ የሚታወቀው ባልንጀሮቹ ሲታወቁ ነው ማለት ነው። ሴንሰሮችን አንድ በአንድ እየመዘኑ፣ «ይህኛው ቦታ ጥሩ ነው፣ ያኛውም ጥሩ ነው» እያሉ መምረጥ የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

እውነተኛ ሕንጻ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ብቻ አይልም፤ ይጠማዘዛልም። ሊፍትና ደረጃ የያዘው የኮንክሪት ግድግዳ ወደ አንድ ጎን ባደላበት ሕንጻ ጥምዘዛው ይብሳል። በአንድ ፎቅ መካከል ላይ የተቀመጠ አክሰለሮሜትር ጥምዘዛን አያይም፤ እርስ በርስ በተራራቁ ሁለት ጫፎች ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ያገለግል የነበረው ዩኒፎርም ቢልዲንግ ኮድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከ10 ፎቅ በላይ የሆነ ማንኛውም ሕንጻ፣ እንዲሁም ከ6 ፎቅ በላይ ሆኖ ጠቅላላ የወለል ስፋቱ 60,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ወደ 5,600 ካሬ ሜትር የሚደርስ ሕንጻ ቢያንስ ሦስት መቅረጫዎች እንዲኖሩት ይመክር ነበር፤ አንዱ ከምድር ቤት፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከጣሪያ ሥር። ለቁጥጥር የሚመች፣ ግልጽ ደንብ ነበር፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚይዝ ጥምዘዛን ከቀጥተኛ ውዝዋዜ የመለየት አቅም አልነበረውም።

270 ትሪሊዮን አማራጭ

በእያንዳንዱ ፎቅ ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎች ቢኖሩ፣ ባለ 30 ፎቁ ሕንጻ 90 ዕጩ ቦታዎች ይኖሩታል። ከእነዚህ 6 ለመምረጥ ያሉት መንገዶች 622,614,630 ናቸው። 12 ለመምረጥ ሲሆን ቁጥሩ ከ270 ትሪሊዮን ያልፋል፤ በሴኮንድ 1 ሚሊዮን አማራጭ የሚፈትሽ ኮምፒዩተር ሁሉንም ለመጨረስ ከ8 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም በተሰጠ ገደብ ውስጥ ምርጡን የመፈለግ ስሌት፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

በዘርፉ በብዛት ከሚጠቀሱት ዘዴዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳንኤል ካመር በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ነው። መነሻው ሕንጻ አልነበረም፤ ምድር ላይ ተገጣጥመው ሊፈተሹ የማይችሉ ግዙፍ የጠፈር መዋቅሮች ነበሩ። ዘዴው በሁሉም ዕጩ ቦታዎች ላይ ሴንሰር እንዳለ አድርጎ ይጀምራል፤ ሞዶቹን ለመለየት ከሁሉም ያነሰ አስተዋጽኦ ያለውን ቦታ ያወጣል፤ ከዚያ እንደገና አስልቶ ቀጣዩን ያወጣል፤ የሚፈለገው ቁጥር እስኪቀር እንዲህ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ዙር እንደገና ማስላቱ ነው ቁልፉ፤ አንዱ ሲወጣ የቀሩት ዋጋ ይለወጣልና።

ተቃራኒውም መንገድ አለ፤ ከባዶ ተነስቶ በእያንዳንዱ ዙር ትልቁን ጥቅም የሚያስገኘውን አንድ ሴንሰር መጨመር። ስስታም ስሌት ይባላል፤ የዛሬን እንጂ የነገን አያይምና። ነገር ግን በ1978 እ.ኤ.አ. ነምሀውዘር፣ ዎልሲና ፊሸር የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ የሚጨመረው ጥቅም እየቀነሰ ለሚሄድባቸው መለኪያዎች ይህ ስስታም መንገድ ከምርጡ ውጤት ቢያንስ 63 በመቶውን ያስገኛል። ይህም ዝቅተኛው ዋስትና ነው፤ በተግባር የሚገኘው ውጤት ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። ጄኔቲክ አልጎሪዝም የሚባሉትና ተፈጥሯዊ ምርጫን የሚመስሉ ስሌቶችም በሰፊው ይሠራባቸዋል።

ከስሌቱ ዓይነት ይልቅ የሚያከራክረው «ምርጥ» የተባለው በምን መለኪያ ነው የሚለው ነው። ሞዶችን ለመለየት ምርጥ የሆነው አቀማመጥ ጉዳት የደረሰበትን ፎቅ ለማግኘት ምርጥ ላይሆን ይችላል። በምድር፣ በ10ኛው፣ በ20ኛውና በ30ኛው ፎቅ ላይ ብቻ ሴንሰር ያለው ሕንጻ፣ ሞዶቹ ቢለዩም፣ 13ኛው ፎቅ ላይ የተሰነጠቀ ኮለን ቢኖር ሊነግረን የሚችለው «ከ10ኛው እስከ 20ኛው ባለው መካከል» የሚለውን ያህል ነው። ትንሽ ስንጥቅ ከሆነ ደግሞ ያንንም ላይናገር ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሞዶች የሕንጻው የጠቅላላ አካል ጠባይ እንጂ የአንድ ኮለን ምስክር አይደሉም። ጨረታ የሚያወጣ አካል «20 ሴንሰር» ብሎ ሲጽፍ፣ ለምን ጥያቄ መልስ እንደሆኑ ካልጻፈ፣ አቅራቢው ለገመድ በሚቀርበው ቦታ ገጥሟቸው ቢሄድ ውሉን አልጣሰም።

ስሌቱ የማያውቀው ሕንጻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቆመው ሞዴሉ ልክ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። በአዲስ አበባ መሐል ይህ ግምት የሚላላባቸው ምክንያቶች አሉ።

ዋነኛው ብሎኬት ነው። በዲዛይን ስሌት የብሎኬት ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እንደ ክብደት ብቻ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም ናቸው ተብሎ። በተግባር ግን ግድግዳው በኮለኖቹ መካከል ተወጥሮ ሕንጻውን ያጠጥረዋል፤ በመሆኑም በመደበኛ ቀን የሚለካው የውዝዋዜ ፍጥነት ከተሰላው ይበልጣል። ምድሩ ለሱቅ በተከፈተና ፊቱ መስታወት በሆነ ሕንጻ ደግሞ ከላይ ያለው በብሎኬት የደነደነ ሳጥን ሲሆን፣ ከታች ያሉት ባዶ ኮለኖች ናቸው። የዚህ ሕንጻ የመጀመሪያ ሞድ ከሥር እስከ ጫፍ በእኩል የሚጎብጥ አይደለም፤ አብዛኛው እንቅስቃሴ ምድር ቤቱ ላይ ይሰበሰባል። ከብሎኬት በጸዳ ሞዴል ላይ ተሰልቶ የተመረጠ የሴንሰር ቦታ በዚህ ሕንጻ ላይ የሌላ ሕንጻ መልስ ነው። በግንባታ መሐል የተለወጠ ፕላን፣ የተጨመረ ወለል፣ ተከራይ ያፈረሰው ወይም ያቆመው ግድግዳም እንዲሁ ልዩነቱን ያሰፋሉ።

መፍትሔው ሞዴሉን መተው አይደለም፤ መጀመሪያ ሕንጻውን ራሱን መስማት ነው። ጥቂት ተንቀሳቃሽ ሴንሰሮችን ይዞ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከፎቅ ፎቅ እየተዘዋወሩ፣ በነፋስና በትራፊክ የሚፈጠረውን ተራ ንዝረት መለካት ይቻላል። በዚህ ሥራ አንድ መሣሪያ ከቦታው ሳይነቃነቅ ማመሳከሪያ ሆኖ ይቆያል፣ ሌሎቹ ይዘዋወራሉ። ማመሳከሪያው የርጋታ ነጥብ ላይ ከዋለ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ በአብዛኛው ከጣሪያው አንድ ማዕዘን ላይ ይደረጋል፤ ጣሪያው በሦስቱም ሞዶች ይንቀሳቀሳል፣ ማዕዘኑ ጥምዘዛውንም ይይዛል። በዚህ ልኬት የታረመ ሞዴል ላይ ነው ቋሚዎቹ ሴንሰሮች መሰላት ያለባቸው።

የከተማው ድምፅም አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ በከፍታ ድልድይ ላይ የሚያልፈው የቀላል ባቡር መስመር፣ ከባድ መኪናው፣ ሊፍቱ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉ ይነዝራሉ። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ጄኔሬተር በሴኮንድ 25 ምት ይፈጥራል፤ ይህ በመረጃው ላይ እንደ ቀጥ ያለ መስመር ይታይና ልምድ የሌለውን ሰው «አዲስ ሞድ አገኘሁ» ሊያሰኘው ይችላል። ለረጅም ሕንጻ ዋና ዋና ሞዶች ብዙ አያስቸግርም፣ እነርሱ እጅግ ዝግ ያሉ ናቸውና፤ የአንድን ሶሌታ ንዝረት ለመከታተል ለተቀመጠ ሴንሰር ግን ጄኔሬተሩ አጠገቡ ከሆነ ይሸፍነዋል። ደግሞም መሣሪያው የሚታሰረው በኮለን ወይም በሶሌታ ላይ በቦሎን ነው እንጂ በብሎኬት ክፍልፋይ ወይም በኬብል መደርደሪያ ላይ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አክሰለሮሜትር የሚለካው መደርደሪያውን ነው። ይህ በጣም ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በረቀቀ ስሌት የተመረጠን ቦታ ዋጋ ለማሳጣት ከዚህ የበለጠ ነገር አያስፈልግም።

ሙቀትም ሊዘነጋ አይገባም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት በአላሞሳ ካንየን ድልድይ ላይ የተደረገ ልኬት፣ የድልድዩ የመጀመሪያ ሞድ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ብቻ 5 በመቶ ያህል እንደሚለዋወጥ አሳይቷል፤ አንዳች ጉዳት ሳይደርስበት። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋትና ቀትር የሚራራቁበትን ልክ ለሚያውቅ ሰው፣ የሙቀት መለኪያ ሳይጨምሩ የንዝረት ሴንሰር ብቻ መትከል የውሸት ማስጠንቀቂያ መጋበዝ እንደሆነ ግልጽ ነው።

በመጨረሻም መሬቱ። መስከረም 1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲን ያወደመው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር፤ ጉዳቱን ያባባሰው ከተማዋ የተሠራችበት የጥንት ሐይቅ ለስላሳ ደለል ሲሆን፣ በብዛት የተመቱትም መካከለኛ ቁመት ያላቸው ሕንጻዎች ነበሩ። ሜክሲኮ አደባባያችን ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገሪቱ ለኢትዮጵያ ላሳየችው አጋርነት ነው እንጂ አፈሩ አንድ ሆኖ አይደለም። ቢሆንም አዲስ አበባ ሁሉ አንድ ዓይነት መሬት ላይ አልቆመችም፤ አንዱ ሰፈር ዓለት ላይ፣ ሌላው ቀይ አፈር ላይ፣ ሌላው መረሬ ላይ ነው። ከሕንጻው መሠረትና ከሕንጻው ውጪ ባለ ሜዳ ላይ ሴንሰር ከሌለ፣ ጣሪያው ላይ የታየው ውዝዋዜ ከሕንጻው ድክመት ይምጣ ወይም ከመሬቱ ጠባይ መለየት አይቻልም።

ግፊት ሰጪው ሲጨመር

የአክቹዌተር አቀማመጥ በመልኩ ከሴንሰሩ ጋር ይመሳሰላል፤ የርጋታ ነጥብ ላይ የተቀመጠ ሴንሰር ያንን ሞድ እንደማያይ ሁሉ፣ እዚያው የተቀመጠ አክቹዌተርም ያንን ሞድ ሊገፋው አይችልም። አደጋው ግን የተለየ ነው። በመጥፎ ቦታ የተቀመጠ ሴንሰር ዝም ይላል፤ በመጥፎ ቦታ የተቀመጠ አክቹዌተር ሊጎዳ ይችላል።

ወደ ባለ 30 ፎቁ ሕንጻ እንመለስ። ሴንሰሩ ጣሪያ ላይ፣ አክቹዌተሩ 15ኛው ፎቅ ላይ ቢሆን፣ መመሪያውም «ጣሪያው ወደ ሄደበት ተቃራኒ ግፋ» የሚል ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ሞድ ይሠራል፤ ሁለቱም ፎቆች በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉና። በሁለተኛው ሞድ ግን በመካከላቸው 20ኛው ፎቅ ላይ የርጋታ ነጥብ አለ። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ሲሄድ 15ኛው ፎቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ አክቹዌተሩም እንደታዘዘው ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ማለትም ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይነዳዋል። ሊያበርደው የተቀጠረው መሣሪያ ያቀጣጥለዋል። ሁለቱን በአንድ ነጥብና በአንድ አቅጣጫ ማስቀመጥ ይህን አደጋ ያስቀራል፤ ግፊቱ ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው ተቃራኒ ስለሚሆን፣ መሣሪያው ሳይዘገይ እስከሠራ ድረስ፣ ሞዴሉ ባይታመን እንኳ ኃይል ያወጣል እንጂ አይጨምርም። ሞዴሉ በሚያጠራጥርበት ከተማ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ጥምዘዛን በሚመለከት ቶኪዮ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኪዮባሺ ሕንጻ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለ 11 ፎቅ፣ 33 ሜትር ገደማ ቁመትና 4 ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ቀጭን ሕንጻ ሲሆን፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ ክብደት ውዝዋዜውን እንዲያበርድለት የተደረገ የመጀመሪያው ሕንጻ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ክብደቶች ተቀመጡለት፤ 4 ቶን የሚመዝነው ከመካከል፣ 1 ቶን የሚመዝነው ከጫፍ። ትልቁ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ያበርዳል። ጥምዘዛውን ለመግታት ግን ከመካከል ላይ የሚጨመር ክብደት ምንም ያህል ቢገዝፍ አይጠቅምም፤ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ትንሹ ግን ክንዱ ስለሚረዝም ይበቃዋል።

ለአዲስ አበባ ይህ ዓይነቱ ንቁ ሥርዓት ቅርብ አይመስልም፤ ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። ብርቱ መንቀጥቀጥ በደረሰበት ቅጽበት መጀመሪያ የሚቋረጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ አክቹዌተሩም በጣም የሚያስፈልገው በዚያች ቅጽበት ነው። ኃይል የማይጠይቁ ዳምፐሮች፣ እንደ መኪና ሾክ አብዞርበር ዘይት እያንገላቱ ውዝዋዜን ወደ ሙቀት የሚቀይሩት፣ ይበልጥ ይስማማሉ። የእነርሱም አቀማመጥ በዚያው ስሌት ይመራል፤ ጥሩ ቦታቸው ግን ጣሪያው ሳይሆን አንዱ ፎቅ ከበታቹ አንጻር ይበልጥ የሚንሸራተትበት ነው። ከታች ባለ ሱቅ ሕንጻ ይህ ቦታ መስታወቱ ያለበት ምድር ቤት ነው፤ ዳምፐሩን የሚሸከመው ሰያፍ ብረት ደግሞ የሱቁን መስኮት ይሻገራል። ስሌቱ ሲያልቅ የሚቀረው ድርድር ከባለ ሱቁ ጋር ነው።

የሚጋጩት አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ዓይነት አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው፣ አዲስ የሚሠራ ረጅም ሕንጻ ሁሉ በግዴታ ሴንሰር ይኑረው ይላል። ጥንካሬው መረጃው ለአንድ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ የግንባታ ኮድም የሚጠቅም መሆኑ ነው፤ የአዲስ አበባ ሕንጻዎች በእውነተኛ መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያሳይ ቅጂ በሌላ መንገድ አይገኝም። ካሊፎርኒያ ከ1971ዱ የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ በኋላ በ1972 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የመንግሥት ፕሮግራም የዚህ ሐሳብ ትልቁ ማስረጃ ነው። ድክመቱ ግዴታ በቀላሉ ወደ ቁጥር መሙላት መውረዱ ነው።

ሁለተኛው፣ ለሴንሰር የሚወጣው ገንዘብ ለአፈር ምርመራ፣ ለኮንክሪት ጥራትና ለሳይት ቁጥጥር ይዋል ይላል። ለአብዛኛዎቹ ጂ ፕላስ 4 እና ጂ ፕላስ 5 ሕንጻዎች ይህ አመለካከት ትክክል ነው። ፌሮው በደንብ ያልታሰረ ሕንጻ ሴንሰር ቢገጠምለት የሚያገኘው የውድቀቱን ትክክለኛ ቅጂ ብቻ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ከ200 ሜትር በላይ ለሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ዓይነት ሕንጻ፣ ለሆስፒታል ወይም ለባቡሩ ድልድይ ሲሆን አይጸናም፤ በእነዚህ ላይ አንድ ቀን መዝጋት ወይም አለመዝጋት ራሱ ከመሣሪያው ዋጋ ይበልጣል።

ሦስተኛው አዲስ ነው፤ በስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት ርካሽ ሴንሰር በየፎቁ ከተበተነ ቦታ መምረጥ አያስፈልግም ይላል። ለብርቱ መንቀጥቀጥ ሐሳቡ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ርካሹ መሣሪያ የራሱ ድምፅ ከሕንጻው የዕለት ተዕለት ንዝረት ስለሚበልጥ፣ መንቀጥቀጥ በሌለበት ቀን ስለ ሕንጻው ጤና ብዙ አይናገርም። በተጨማሪም 90 መሣሪያ ማለት 90 ባትሪ ወይም 90 ገመድ፣ እርስ በርስ መናበብ ያለባቸው 90 ሰዓቶች ማለት ነው። ሴንሰሮቹ ሰዓታቸው ከተዛባ የሞዱ ቅርጽ ራሱ ይዛባል።

የዚህ ጽሑፍ ሚዛን ወደ ጥቂት ሕንጻዎች፣ ወደ ጥቂትና በደንብ ወደተመረጡ ቦታዎች ያደላል፤ ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ካሉት ረጃጅሞች ጥቂቶቹ፣ አንድ ሁለት ሆስፒታል፣ ከባቡር ድልድዩ የተመረጡ ስፓኖች፣ ማለትም በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያሉ ክፍሎች። ለድልድዩ የቦታው መልስ እንኳ ከሕንጻው ይለያል። በሁለት ምሰሶ ላይ ያረፈ ስፓን ሁለተኛ ሞዱ የሚረጋው ልክ መካከሉ ላይ ነው፤ በተለምዶ ሴንሰር የሚለጠፍበት ቦታ። ወደ ሩብ ነጥቡ ማራቅ ሁለቱንም ሞዶች ያሳያል። ባቡሩም በየቀኑ በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ራሱ ፈተናውን ይሰጣል።

ውል ላይ የሚጻፈው

ገዢው ከቁጥር በፊት ሊያስቀምጠው የሚገባው ጥያቄውን ነው፦ ከመንቀጥቀጥ በኋላ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ስለ የትኛው የሕንጻው ክፍል፣ ምን ዓይነት ውሳኔ ለመስጠት? ቀጥሎ የአቀማመጡ ስሌት ከታረመ ሞዴል የተነሳ መሆኑን፣ ከሴንሰሮቹ አንዱ ቢበላሽ የቀሩት ምን ሊያዩ እንደሚችሉ ጭምር አቅራቢው እንዲያሳይ መጠየቅ ይችላል። ከላይ በታየው ምሳሌ የ10ኛው ፎቅ መሣሪያ ቢጠፋ፣ በሁለት ንባብ ሦስት ሞድ መለየት አይቻልምና ሥርዓቱ በአንድ ብልሽት ይወድቃል፤ አንድ ተጨማሪ ሴንሰር በ5ኛው ወይም በ15ኛው ፎቅ ቢኖር ኖሮ አይወድቅም ነበር። በስሌት የተገኘው ምርጥ ቦታ የባንክ ካዝና ክፍል ወይም የተከራይ መኝታ ቤት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ፣ በጥቂት ፎቅ ዝቅ ያለውን ሁለተኛውን ቦታ መውሰድ ይሻላል፤ የጥገና ሠራተኛ ቁልፍ ሳይለምን የሚደርስበት የኤሌክትሪክ ሻፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ፣ ሶሌታው ላይ በቦሎን የታሰረ መሣሪያ ከ5 ዓመት በኋላም መሥራቱን የሚቀጥል ነውና።